ሳይገድፉ መቍጠር፦ የባዕድ ልብስ ነጋዴና የሚያመጣው ሥራ

አንድ ታላቅ የልብስ ነጋዴ የአገሩን ድንበር ተሻግሮ በባዕድ ከተማ አዲስ መደብር በሚከፍትበት ዕለት፣ ከሪባኑና ከመቀሱ፣ ከከንቲባው ንግግርና በበሩ ላይ ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር ዘወትር አብሮ የሚነገር አንድ ቍጥር አለ፤ እርሱም መደብሩ ለስንት ሰው የእንጀራ በር እንደ ከፈተ የሚናገረው ቍጥር ነው። ጋዜጣው በማግሥቱ ያትመዋል፣ ሹሙ በዓመቱ መግለጫ ውስጥ ያገባዋል፣ ሥራ ፈላጊውም ወጣት ሰምቶ ልቡ ይነሣሣል። ቍጥሩ ሐሰት ነው ለማለት አልቸኵልም፤ የተቀጠሩት በእርግጥ ተቀጥረዋል፣ የሚቀበሉትም ደመወዝ ደመወዝ ነው። ሆኖም ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዓመተ ዓለምን በመደመር ብቻ ወደ በዓላትና ወደ አጽዋማት የደረሰ የለም፤ በዐሥራ ዘጠኝ ካልገደፈ፣ ከቀረውም ላይ አንዱን አትቶ ወንበሩን ካላገኘ፣ ጾሙም ፋሲካውም ከቦታው ይናወጥበታል። የአዲስ መደብር የሥራ ሒሳብም እንዲሁ መግደፍን የሚሻ ሒሳብ ሆኖ ሳለ፣ ደምረው የሚቆሙት ብዙዎች፣ ገድፈው የቀረውን የሚመለከቱት ግን ጥቂቶች ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ሊቃውንት በልዩ ልዩ አገር የመረመሩትንና በገበያው ላይ በእርግጥ የሆነውን አሰባስቤ በዚህ ዳሰሳ ለአንባቢ ላቀርብ ወደድሁ። ዓመታቱን የኢትዮጵያ ናቸው ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፌን አስቀድሜ እገልጣለሁ።

ነገሩን ከአንድ ሕንጻ ብጀምር ይቀለኛል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ እምብርት፣ ዳውንታውን ክሮሲንግ በሚባለው የገበያ ሰፈር፣ ስመ ጥሩው የሕንጻ ሊቅ ዳንኤል በርንሃም የነደፈውና በ1912 የተከፈተ ታላቅ የመደብር ሕንጻ አለ። ፋይሊንስ የተባለው የልብስ መደብር መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በዚያ ሲነግድ ቆይቶ በ2006 ተዘጋ፤ ከሕንጻው አጠገብ ሊነሣ የታቀደውም አዲስ ግንባታ የ2008 የገንዘብ ቀውስ ደርሶበት ስለ ቆመ፣ መንገደኛው ለዓመታት የሚያየው የተቈፈረ ጕድጓድ ብቻ ሆነ። ወደዚያ ሕንጻ በ2015 በሴፕቴምበር ወር የገባው ፕራይማርክ ነው። ፕራይማርክ በ1969 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፣ በሜሪ ጎዳና፣ ፔኒስ በሚል ስም የተጀመረ የርካሽ ልብስ መደብር ሲሆን፣ ከአገሩ ሲወጣ ያንን የመሰለ ስም አሜሪካዊው ጄ ሲ ፔኒ አስቀድሞ ይዞት ስለ ነበር አዲስ ስም ማውጣት ግድ ሆነበት፤ በ2006 ስፔን ገባ፣ ከዚያም ሆላንድን፣ ጀርመንን፣ ፈረንሳይን አዳርሶ የአትላንቲክን ባሕር ተሻገረ። በቦስተን የቀጠራቸው ሰዎች ቍጥር ሲገደፍ ብዙ አልጐደለም ብዬ የማምነው፣ ነጋዴው የገባው ሌላውን አስወጥቶ ሳይሆን በባዶ ቤት ስለ ነበረ ነው፤ ያው መደብር፣ ያው የሠራተኛ ብዛት፣ ልብስ ሰፊዎችና ትናንሽ ሱቆች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ቢከፈት ኖሮ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ስለ ፋይሊንስ ካነሣሁ ዘንዳ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ነገር አለ። የመደብሩ ባለቤት የነበረው ኤድዋርድ ፋይሊን፣ ደመወዝተኛው ከአራጣ አበዳሪ እጅ እንዲወጣ አጥብቆ የሚያስብ ሰው ስለ ነበር፣ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1909 የቁጠባና ብድር ማኅበራትን ሕግ እንዲያወጣ ከደከሙት አንዱ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1937 ድረስ ሀብቱንና ጕልበቱን ማኅበራቱ በመላ አሜሪካ እንዲስፋፉ አፈሰሰ። መደብሩ ዛሬ የለም፤ ማኅበራቱ ግን በሚሊዮን የሚቈጠሩ አባላት ይዘው አሉ። አንድ የልብስ ነጋዴ ለሠራተኛው ምን ሰጠ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መዝገቡ በሩ በተከፈተበት ቀን ብቻ መዘጋት እንደሌለበት ይህን ከመሰለ ምሳሌ ተምሬአለሁ።

ሥራው ራሱ ምን እንደሚመስል ደግሞ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መደብሩ ለገዢ ክፍት ከመሆኑ ብዙ ሰዓት አስቀድሞ፣ ሌሊት የመጣውን የጭነት መኪና የሚያራግፉ አሉ፤ ካርቶኑ በምላጭ ይከፈታል፣ ልብሱ ከተጠቀለለበት ላስቲክ ይወጣል፣ ሸሚዙ በመስቀያ ላይ ከትንሹ ቍጥር እስከ ትልቁ በተርታ ይሰቀላል፣ ሹራቡ ታጥፎ ይከመራል፣ ሌባ የሚያጋልጠው ምልክትም በብብቱ ስፌት ላይ ይሰካል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ያ ሁሉ የታጠፈ ሹራብ በገዢ እጅ ይገለባበጣል፤ አንዲት ወጣት ያንኑ ክምር በቀን ሃያ ጊዜ መልሳ ታጥፈዋለች፤ ሌላዋ በልብስ መለኪያው ክፍል በር ላይ ቆማ ስንት ልብስ ይዘው እንደ ገቡና ስንት ይዘው እንደ ወጡ ትቈጥራለች፤ ሌላው ገንዘብ መቀበያው ጋ እስከ ማታ ቆሞ ይውላል። ይህ ሥራ ከባድና ንጹሕ ሥራ ነው፤ ብዙ ትምህርት ሳይጠይቅ ለወጣቱ የመጀመሪያውን የደመወዝ ቀን ያሳየዋል፣ ሰዓት ማክበርን፣ ሰው ማስተናገድን፣ ሒሳብ መዝጋትን ያስተምረዋል፤ ከእነዚህም መካከል የመምሪያ ኀላፊ፣ ከዚያም የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን የሚደርሱ አሉ። ነገር ግን የሥራው ሰዓት እንደ ገበያው ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚሰፋና የሚጠብብ ስለ ሆነ፣ በሳምንት አርባ ሰዓት የሚሠራውም፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚጠራውም በዚያ የመክፈቻ ቀን ቍጥር ውስጥ እኩል አንድ አንድ ሰው ሆነው ይገባሉ። ሦስት መቶ ሰው ቀጠርሁ ያለ ነጋዴ ሁሉንም በሳምንት ሃያ ሃያ ሰዓት የሚያሠራቸው ከሆነ፣ ለከተማው ያመጣው የመቶ ኀምሳ ሰው ሙሉ ሥራ ነው። የመጀመሪያው መግደፍ ከዚህ ይጀምራል።

ሁለተኛውን ለማስረዳት ከልጅነቴ ሰፈር አንድ ሰው ልጥራ። የመንደራችን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፣ የሳሙና ቍራጭ ከጆሮአቸው ላይ አይጠፋም፣ የሲንጀር መኪናቸው መርገጫ ከልጆች ጫጫታ ይልቅ ለመንደሩ የታወቀ ድምፅ ነበረ። ለአዲስ ዓመትና ለትምህርት ቤት መክፈቻ ሰሞን የዩኒፎርሙ ጨርቅ እስከ ጣራ ይከመርና፣ ዘርፍ የሚጠመዝዝና ቍልፍ የሚተክል አንድ ልጅ ከደጃፉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይሠራል፤ ከመንገዱ ማዶ ክር፣ ገበርና ቍልፍ የሚሸጡ እመት ነበሩ፤ የተሰፋውን በከሰል ካውያ የሚተኵስ ሌላ ሰውም ነበር። በኋላ ተሰፍቶ የመጣው የውጭ ልብስና ሳልባጁ ሲበዛ ጋሼ መኪናቸውን ሸጡ። የእርሳቸው ሱቅ መዘጋት በየትኛውም መዝገብ አልተጻፈም፤ ቍልፍ የሚተክለው ልጅ ከሥራ ተሰናበተ ተብሎ የቈጠረው የለም፣ ባለክሯ እመትም ዕቃቸውን ጠቅልለው ገበያ ሲቀይሩ ማንም መግለጫ አላወጣም። አዲስ የተከፈተ ሥራ በአንድ ቤት ተሰብስቦ፣ በአንድ ቀን፣ በመብራት ስለሚገለጥ ለዐይን ይሞላል፤ የሚጠፋው ሥራ ግን አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ ዓመት እየቈጠረ ስለሚጠፋ፣ የሚያየው ያጣው ቤተ ሰብ ብቻ ነው።

ሊቃውንት ይህን የተበተነ ኪሳራ ሰብስበው ለመቍጠር የደከሙት ከሁሉ ይልቅ በአሜሪካ፣ ዎልማርት በሚባለው ግዙፍ ነጋዴ ላይ ነው፤ ዎልማርት የሚሸጠው ልብስ ብቻ ባይሆንም፣ በየአውራጃው የገባበት ዘመን የታወቀ ስለ ሆነ ለመርማሪ ይመቻል። ኤሜክ ባስከር የተባለች ኢኮኖሚስት በ2005 ባሳተመችው ጥናት፣ መደብሩ ወደ አንድ አውራጃ በገባበት ዓመት በችርቻሮ ንግድ መቶ ያህል ሥራ እንደሚጨመር፣ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ግን ሌሎች ሱቆች ሲዘጉና ሲያንሱ የጭማሪው ግማሽ ገደማ እንደሚጠፋ አገኘች፤ በጅምላ ንግድ ከሚጠፋው ጥቂት ሥራ ጋር ሲታሰብ የቀረው ከሃምሳም ያንሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ዴቪድ ኒውማርክና ባልደረቦቹ በሌላ ስልት መርምረው ከዚህ የከበደ ፍርድ ሰጡ፤ በእነርሱ ስሌት አንድ የዎልማርት ሠራተኛ አንድ ነጥብ አራት ያህል የሌላ ሱቅ ሠራተኛን ይተካል፤ ሒሳቡ ሲዘጋ አውራጃው ይጐድልበታል እንጂ አይጨመርለትም። ሁለቱ ወገኖች የተለያዩበት ዋናው ነገር፣ መደብሩ የሚመርጠው አስቀድሞ የሚያድግ ከተማን ነውን፣ ወይስ ከተማው ያደገው መደብሩ ስለ መጣ ነው የሚለው የምክንያትና የውጤት ክርክር ነው። እኔ የየትኛው ሚዛን እንደሚደፋ ለመፍረድ አልደፍርም፤ የተስማሙበትን ግን አጥብቄ እይዛለሁ፤ የመክፈቻውን ቀን ቍጥር ሳይገደፍ እንዳለ ተቀብሎ ያለፈው የለም።

ይህን ሰምቶ እንግዲያውስ በሩን መዝጋት ይሻላል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ፈረንሳይ መልስ አላት። ፈረንሳዮች ትናንሽ ባለሱቆቻቸውን ለመጠበቅ ብለው በ1973 ሮዬ በሚባለው ሚኒስትር ስም የተጠራ ሕግ አወጡና፣ ከተወሰነ ስፋት በላይ የሆነ መደብር ሁሉ የአካባቢ ሸንጎ ሳይፈቅድለት እንዳይከፈት አደረጉ። ማሪያን ቤርትራንድና ፍራንሲስ ክራማርዝ በ2002 ባወጡት ምርመራ እንዳሳዩት፣ ሸንጎው ጠንክሮ በከለከለበት ስፍራ የችርቻሮ ንግድ ሥራ እድገቱ ቀዘቀዘ፤ አስቀድመው የገቡት ትልልቆቹ ተወዳዳሪ ሳይመጣባቸው ዋጋ ለማስወደድ ተመቻቸው፣ ሕዝቡም የሚገዛው አነሰ። ሕጉ ሊጠብቃቸው የወጣላቸው ትንንሾች አልነበሩም በመጨረሻ የተጠቀሙት።

የሜክሲኮው ጥናት ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ሰጥቶኛል። ዴቪድ አትኪን፣ ቤንጃሚን ፋበርና ማርኮ ጎንዛሌዝ ናቫሮ በ2018 ባሳተሙት ሥራ፣ የውጭ ታላላቅ መደብሮች ወደ ሜክሲኮ ከተሞች ሲገቡ የቤተ ሰቡን ኑሮ ምን እንዳደረጉት በጥራት አስልተው፣ ጥቅሙ በአማካይ ከቤተ ሰቡ ገቢ ስድስት በመቶ ያህል እንደሚደርስ አገኙ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ያ ጥቅም የመጣው ከሥራ ሳይሆን ከዋጋ ነው፤ ሰው ያው ገቢውን ይዞ ብዙ ገዛበት እንጂ፣ በከተማው አጠቃላይ ሥራና ደመወዝ ላይ ጐልቶ የሚታይ ለውጥ አልተገኘም። የአገሬው ባለሱቅ ግን ትርፉ ቀነሰ፣ ከፊሉም ዘጋ። እንግዲህ የልጇን ሸሚዝ በግማሽ ዋጋ የገዛች እናት ተጠቅማለች፣ በትርፉም ለልጇ ደብተር ወይም ወተት ትገዛለች፤ ይህን ጥቅም የሚንቅ ሰው ድህነትን አያውቅም። ነገር ግን ነጋዴው ሲገባ መነገር የነበረበት ልብስ አረክሳለሁ የሚለው ቃል ሆኖ ሳለ፣ ሥራ እሰጣለሁ የሚለው ቃል ቀድሞት ይነገራል፤ መሬት በቅናሽ፣ ግብር በእፎይታ የሚለመነውም በዚህ በሁለተኛው ቃል ስም ነው።

ነጋዴ እንደሚመጣ ሁሉ ይሄዳል። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው የእንግሊዝ መደብር፣ ማይክል ማርክስ የሚባል ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደደ አይሁዳዊ በ1884 በሊድስ ገበያ ከተከለው ድንኳን የበቀለ ሲሆን፣ በ1975 በፓሪስ በኦስማን ጎዳና ከፍቶ ፈረንሳዮችን የእንግሊዝ ሹራብና ብስኩት አስለመደ። በ2001 ማርች 29 ቀን ጠዋት በአውሮፓ አህጉር ያሉትን 38 መደብሮች፣ ከእነርሱም በፈረንሳይ ያሉትን 18ቱን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከ4,000 በላይ የሆኑ ሠራተኞች እንጀራ በአንድ ማለዳ ተናጋ። ሠራተኞቹ አደባባይ ወጡ፤ የፓሪስ ፍርድ ቤትም የሠራተኞቹን ምክር ቤት አስቀድሞ ሳያማክር መወሰኑ ሕግ መጣስ ነው ብሎ መዝጋቱን አገደ፤ በፈረንሳይ ያሉት መደብሮች በኋላ ለጋለሪ ላፋዬት ተሸጡ። ያ ቍጣ ካነሣሣቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ ፈረንሳይ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ የስንብትን ሥርዐት የሚያጠብቅ ሕግ አጸደቀች። ሠራተኛ ማኅበር፣ ፍርድ ቤትና ሕግ ባሉበት አገር እንኳ የተቻለው ማዘግየትና ማካካስ ነበር።

ከዚህ የከፋው የካናዳው ነው። ልብስና የቤት ዕቃ የሚሸጠው አሜሪካዊው ታርጌት፣ ዜለርስ የተባለውን የካናዳ መደብር የኪራይ ውሎች በ2011 ከ1.8 ቢልዮን በሚበልጥ የካናዳ ዶላር ገዝቶ፣ ቤቱን እንጂ ሠራተኛውን አልወረሰም፤ የዜለርስ ሠራተኞች ሥራ ከፈለጉ እንደ ማንኛውም ሰው ማመልከት ነበረባቸው። በ2013 መደብሮቹን ከፈተ፤ መደርደሪያዎቹ ባዶ እየሆኑ፣ ዋጋውም ከድንበሩ ማዶ ካለው እየበለጠ ገዢ ሸሸው፤ በ2015 ጃኑዋሪ ላይ 133ቱን መደብሮች እንደሚዘጋ አስታወቀ። ወደ 17,600 የሚሆኑ ሰዎች ተበተኑ። በአንድ ቤት ውስጥ በአራት ዓመት ጊዜ፣ አስቀድሞ የነባሩ ሠራተኛ ሥራ፣ ቀጥሎም የአዲሱ ሥራ ጠፋ፤ በመክፈቻው ዘመን የተነገረው ግን ሥራ መፈጠሩ ብቻ ነበረ። በሩሲያም በ2022 ጦርነቱ ሲነሣ የዛራ ባለቤት ኢንዲቴክስ 502 መደብሮቹን በማርች ወር ዘግቶ ከ9,000 በላይ ሠራተኞቹን አቆመ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የሩሲያ ንግዱን ለሌላ ባለሀብት ለመሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። ሻጯና ገንዘብ ተቀባዩ በጦርነቱ ላይ የሚሰጡት ፈቃድ አልነበራቸውም።

ሥራው ተፈጠረ ከተባለ በኋላ ለማን ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ ደግሞ አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የአውሮፓ የልብስ መደብሮች በአብዛኛው የሚገቡት በአገሬው ነጋዴ አማካይነት ሲሆን፣ ለምሳሌ ኤች ኤንድ ኤም በ2006 ዱባይና ኩዌት የገባው አልሻያ በተባለው የኩዌት ቤት በኩል ነው። እዚያ የኖሩ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት በእነዚያ መደብሮች ቆሞ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከፊሊፒንስ፣ ከሕንድ ወይም ከኔፓል የመጣ ሰው ነው፤ በዱባይ የተፈጠረው ሥራ የሚያበላው በማኒላ ያለውን ቤተ ሰብ ነው ማለት ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ግን አንድ የተለየ ነገር ሆነ። የሴቶች የውስጥ ልብስ የሚሸጡት ባዕዳን ወንዶች መሆናቸው ሴቶቹን ለዓመታት ሲያስመርራቸው ኖሮ፣ ንጉሥ አብዱላህ በ2011 ባወጡት ትእዛዝ ከ2012 ጃኑዋሪ ጀምሮ በእነዚያ መደብሮች የሚሸጡት ሴቶች ብቻ እንዲሆኑ ተደነገገ፤ ከቤታቸው ውጭ ሠርተው የማያውቁ ብዙ ሴቶችም በዚህ በር ወደ ደመወዝ ዓለም ገቡ። መደብሩ ያው መደብር፣ ልብሱ ያው ልብስ ሳለ፣ የሥራውን ባለቤት የቀየረው የአገሩ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ሌላው በር ልሻገር፤ የልብስ ነጋዴ ወደ አንድ አገር የሚገባው በሁለት በር ነውና። አንዱ የሚሸጥበት መደብር፣ ሁለተኛው የሚያሰፋበት ፋብሪካ ነው። በመደብሩ በር ከሚቈሙት ይልቅ በፋብሪካው በር የሚገቡት እጅግ ይበዛሉ፤ የሚከፈላቸው ያንሳል፣ ድካማቸውም ይብሳል። በ2013 ኤፕሪል 24 ቀን በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ነፍስ ሲጠፋ፣ በውስጡ ከነበሩት ፋብሪካዎች አንዱ ለዚያ ቀደም ብዬ ለጠቀስሁት ለፕራይማርክ ይሰፋ ነበረ። የቦስተኑን መደብር ሥራ ስንቈጥር፣ የባንግላዴሽን ልብስ ሰፊ መዝገቡ ውስጥ የምናስገባው በየትኛው ዐምድ ነው?

ሕንድ እነዚህን ሁለት በሮች በሕግ ለማገናኘት ሞክራለች። ዛራ በ2010 ከታታ ቤት ጋር ተሻርኮ ገባ፤ መንግሥት በ2012 ባዕድ ነጋዴ የመደብሩን ሙሉ ድርሻ እንዲይዝ ሲፈቅድ፣ ከሃምሳ አንድ በመቶ በላይ የያዘ ሁሉ ከሚሸጠው ሠላሳ በመቶውን ከአገሩ አምራች እንዲገዛ ግዴታ ጣለበት፤ ኤች ኤንድ ኤም በ2015 በደልሂ የመጀመሪያ መደብሩን የከፈተው በዚህ ሕግ ሥር ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። በ2019 ግን ወደ ሌላ አገር መደብሮቹ የሚልከውም ግዥ ከሠላሳው እጅ ውስጥ እንዲታሰብለት ተፈቀደ። ለዓመታት ከሕንድ ልብስ ሲገዛ የኖረ ነጋዴ እንግዲህ አንድ አዲስ ሰፊ ሳያስቀጥር ግዴታውን ሊፈጽም ይችላል። ሕግ ሲረቀቅ የአንዲት ሐረግ አገባብ የስንቱን እንጀራ እንደሚወስን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ያወቅነው በሁለተኛው በር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016፣ በእኛ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሲመረቅ ለ60,000 ሰው ሥራ ይሆናል ተብሎ ታቀደ፤ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒ ቪ ኤችም ደገፈው። ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር የመጡ ልጃገረዶች ገቡ። በ2019 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የሠራተኛዋ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ሆነና ይህም በዓለም ልብስ ሰፊ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደ ሆነ ገለጠ፤ በዚህ ደመወዝ ጠባብ ክፍል ለብዙ ተጋርቶ ከማደር በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረም። ከዚያ አስቀድሞ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአገራችን በአምስት ፋብሪካዎችና እርሻዎች አመልካቾችን በዕጣ መድበው ባደረጉት ምርመራ፣ የተቀጠሩት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ ሰባ ሰባት በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ሥራውን ትተው ሄደዋል። ያው አንድ ወንበር በዓመት ሁለትና ሦስት ሰው ይቀመጥበታል፤ የተቀጠረው ሁሉ ከተደመረ ቍጥሩ ያብጣል፣ ወንበሩ ግን አንድ ነው። በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል አስወጣች፤ ፒ ቪ ኤችም በሐዋሳ የነበረውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስቀድሞ በ2021 ኖቬምበር አሳውቆ ነበር። የዚያ ውሳኔ ምክንያት ከመኪናው ኋላ ተቀምጣ ዘርፍ ስትሰፋ ከነበረችው ልጅ እጅ ውጭ ነበረ፤ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ የሄደችው ግን እርሷ ናት። ከሐዋሳ የቀረ ነገር የለም አልልም፤ የስፌት መኪና መምራት፣ ጥራት መመርመር፣ መስመር ማስተካከል የተማሩ እጆች ቀርተዋል፣ ከእነርሱም ከፊሉ ዛሬ በአገር ውስጥ ፋብሪካ ይሠራሉ። ፋይሊን ለደመወዝተኛው እንዲስፋፋ እንደ ደከመለት ያለ ማኅበር ግን ሲተከልላቸው አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ የመጀመሪያው በር ተከፍቷል። በእኛ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. መንግሥት፣ ለረጅም ዘመን ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የኖረውን የችርቻሮና የጅምላ ንግድ ለውጭ ባለሀብት የሚፈቅድ መመሪያ አውጥቷል። የፈረንሳይን ነገር ካየሁ በኋላ በሩ መከፈቱን አልቃወምም፤ ልብስ ቢረክስ የሚጠቀመው ድሀው ነው። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ እንደ ቦስተኑ ሕንጻ ባዶ ቤት አይደለችም፤ በመርካቶ የተሰፋ ልብስ የሚነግደው፣ በሽሮ ሜዳ ሸማውን የሚሸምነው፣ ሳልባጁን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞረው፣ በየሰፈሩ ሜትሩን ባንገቱ ያንጠለጠለው ሁሉ በውስጧ አለ። ስለዚህ ውሉን የምትዋዋሉ ሹማምንት፣ ነጋዴው ስንት ሰው እንደሚቀጥር ብቻ ሳይሆን በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያሠራቸው አስጽፉት፤ በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ምን ያህሉ በሐዋሳና በኮምቦልቻ የተሰፋ እንደሚሆን፣ ወደ ውጭ የሚልከውን ሳትቈጥሩለት፣ ለይታችሁ አስጽፉት፤ ሲሄድ ለሠራተኛው የሚተወውንም ገና ሲመጣ አስጽፉት። ጋዜጠኞቻችንም የመክፈቻውን ቀን ቍጥር አትሙ፤ ነገር ግን ቀኑን መዝግባችሁ አስቀምጡና፣ በሦስተኛው ዓመት ወደዚያው መደብርና በዙሪያው ወዳሉት ሱቆች ተመልሳችሁ በየበሩ እየገባችሁ ቍጠሩ፤ የምታገኙትንም በዚያው የፊት ገጽ ላይ አትሙልን።